«ሲቲው ንጹህ ነው» ሲባል

«ሲቲ ተነስቻለሁ፤ ምንም የለም ብለውኛል።» ሆዱ እየተነፋ ሱሪው አልቆለፍ ያለው ሰው ይህን ሲል ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ፊልሙ ንጹህ ከሆነ በሽታ የለም ተብሎ ይታመናላ! በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ በፔሪቶኒየም ላይ ለሚነሱት እምብዛም የማያጋጥሙ ዕጢዎች ግን ይህ እምነት አያዋጣም።

ፔሪቶኒየም የሆድን ግድግዳና አንጀትን የሚያለብስ ስስ ሽፋን ነው። እንደ ሜሶቴሊዮማ ያለ ዕጢ ሲነሳበት አንድ ቦታ ተጠቅልሎ ላይቀመጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጤፍ ተበትኖ ይታያል። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰውን፣ በተለይ በትንሹ አንጀት እጥፋት ውስጥ የተሸሸገውን፣ ሲቲ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

«ታዲያ ኤምአርአይ ልነሳ» የሚል አይጠፋም። ጨረር የለውም፤ ትንንሾቹን በማሳየትም ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም የአንጀት እንቅስቃሴና ትንፋሽ ምስሉን ያደበዝዙታል። የሁሉ ቁንጮ ተደርጎ የሚወራለት ፔት ስካንም ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩትን ዕጢዎች ሊስታቸው ይችላል፤ በአንጻሩ ቲቢን እንደ ካንሰር ያበራዋል።

ቲቢ ካልን አይቀር፣ በእኛ አገር ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ፊልሙ ካሳየ የበሽታው ስም ታወቀ ማለት። በግ ሲታረድ አንጀቱን ሸፍኖ የምናየው ሞራ በሰውም ሆድ አለ። ሞራ ገላጭ መጪውን ዘመን ያነብበታል ይባላል፤ ራዲዮሎጂስቱ የሚያነብበው ግን ውፍረቱን ነው። የወፈረ ሞራ፣ ሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውሃ፣ ሽፋኑ ላይ የተበተኑ እባጮች፤ ሜሶቴሊዮማም፣ ከኦቫሪ ወይም ከጨጓራ የተሰራጨ ካንሰርም፣ የሆድ ቲቢም እንዲህ ሊመስሉ ይችላሉ። ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ እንኳ በቲቢ ከፍ ይላል። ራዲዮሎጂስቱ «ካንሰር ወይም ቲቢ» ብሎ ሲጽፍ «አያውቅም» ብለው የሚያሙት አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ የሚጽፈውን ነው የማምነው። ቲቢው በአብዛኛው በ6 ወር መድኃኒት ይድናል፤ የካንሰሩ ሕክምና ፈጽሞ የተለየ መንገድ ነው። የሚለያቸው በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ወይም በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ) ተወስዶ ፓቶሎጂ የሚደርሰው ናሙና ነው። የተቀዳው ውሃ ብቻውን፣ በተለይ ለሜሶቴሊዮማ፣ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

«መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ሐኪሙም የመርፌውን መግቢያ የሚመርጠው ይህን አስቦ ነው። የበሽታውን ስም ሳያውቁ ካንሰር ነው ብሎ መታከም ግን ይብሳል።

ምስሉ ዋጋ የሚያወጣው ሕክምናው ሲታቀድ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሹገርቤከር ባስተዋወቀው ዘዴ ሆድ በ13 ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ያገኛል፣ ጣሪያው 39 ነው። ዕጢውን ጠርጎ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ሲመዘን ይህ ነጥብ ይታያል። ከሲቲ የተሰላው ነጥብ ታዲያ ሆዱ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።