የሐሳብ ካርታና ለነጋዴ የሚሰጠው አገልግሎት

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ቶኒ ቡዛን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ትምህርት ባቀረበ ጊዜ «የሐሳብ ካርታ» የሚባለው አሠራር በሰፊው ታወቀ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዋናው ጉዳይ በወረቀቱ መካከል ይጻፍና ከርሱ የሚወጡት ነገሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በዙሪያው ይዘረጋሉ።

ለምሳሌ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ በመካከሉ «ጭነት» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ቅርንጫፍ የገዢው ውል፥ ሁለተኛው ናሙናና የጥራት ምርመራ፥ ሦስተኛው ጆንያና እስከ ጂቡቲ ያለው ማጓጓዣ፥ አራተኛው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይሆናል። ይህን ሁሉ በተራ ቁጥር መዘርዘርም ይቻላል፤ ነገር ግን በተራ ቁጥር የተጻፈ ነገር ዝምድናውን አያሳይም። በካርታው ላይ ከመርከቡ መነሻ ቀን ተነሥቶ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ እስከ ተወሰነው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ድረስ ቀይ መስመር ቢሰመር፥ የካሚዮን መዘግየት የባንክም ጉዳይ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ዕቃ ቢጫን ባንኩ ሰነዱ ጉድለት አለበት ብሎ ክፍያውን ሊከለክል ይችላልና፥ ይህች አንዲት መስመር የጭነቱን ሙሉ ዋጋ የምትጠብቅ ናት።

ባለ ሱቅም ለፋሲካ ገበያ ሲዘጋጅ የጀመረውን ካርታ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሠራተኞቹ ቅርንጫፍ እንዲጨምሩበት ቢፈቅድ መልካም ነው፤ ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ ከባለቤቱ ይልቅ ሻጩ ያውቀዋልና። ቀለም ማብዛት ግን ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም፤ ሁለት ቀለም ይበቃል። ሒሳቡም እንደ ቀድሞው በመዝገብ ይያዝ። ጭነቱ ካለቀ በኋላ ካርታው ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ፋይል ቢቀመጥ ለሚቀጥለው ጭነት መነሻ ይሆናል።