ማሳው የት ነው? የቡና ሶፍትዌርና የሁሩሙ ገበሬ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ሕጉ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በጂፒኤስ ነጥብ እንዲታወቅ፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን እንዳልተመነጠረበትም እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ይህ ያለ ሶፍትዌር አይሆንም። የተራዘመው ጊዜም የተጠቃሚን ፍላጎት ለማጥናት ሊውል ይገባል።

ይህ የጥናት መስክ የቆየ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1987 ከሶፍትዌር ሥራ ሁሉ ከባዱ ምን እንደሚሠራ መወሰን መሆኑን ጽፏል። ቃለ መጠይቁ፣ ዎርክሾፑ፣ ከ2001 ወዲህ የገነነው አጃይል የተባለው የሶፍትዌር አሠራርም መልስ የሚፈልጉት ለዚሁ ጥያቄ ነው። ለእኔ ግን የሁሉም አውራ ኖርዌያዊው ክሪስተን ኒጋርድ ነው። ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከኦሌ ዮሃን ዳል ጋር የፈጠረው ይህ ሰው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ ሠራተኛው በሚሠራበት ሥርዓት ላይ ድምፅ እንዲኖረው ታገለ። የእሱ ፈለግ በ1994 ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ዛሬ የእኛ ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያደርጉበትን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሶፍትዌር ወልዷል።

የኒጋርድ መንገድ ሁሩሙ ላይ ይፈተን። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ወረዳ፣ ዩኔስኮ በ2010 የመዘገበው የያዩ የቡና ደን ክልል አካል ናት። እዚህ አንድ ገበሬ በጓሮው ቡና አለው፤ ደኑ ውስጥም በዛፍ ጥላ ሥር ሌላ ይለቅማል። መዝጋቢው «ማሳህ የት ነው?» ብሎ አንድ ነጥብ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ከዘረጋ፣ የሚመዘገበው ጓሮው ነው። በመኸር ገበሬው የሚያቀርበው ጀንፈል ከተመዘገበው መሬት ምርት ይበልጣል፤ ሶፍትዌሩም ሐቀኛውን ሰው በአጭበርባሪነት ይጠረጥረዋል። ጥፋቱ የኮዱ አይደለም፤ ደኑ ውስጥ ገብቶ ቡና ሲለቀም ያየ ባለሙያ አለመኖሩ ነው።

ደግሞ የሶፍትዌሩን ዋጋ የሚከፍለው ላኪው፣ መስፈርቱን የሚያወጣው ብራስልስ፣ መረጃውን የሚሰጠው ግን ገበሬው ነው። ስለዚህ የተጠቃሚው ፍላጎት የሚሰፍርበት ሰነድ ከላኪው ቢሮ አይጀመር። ገበሬው ቡናውን ከሚያስረክብበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሚዛን ዘንድ ይጀመር፤ የብዙ አባላት ቡና የሚደባለቀው እዚያ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቆመው ወረፋም የሚታየው እዚያው ነው። በሰነዱም ላይ ገበሬው በስሙ የተመዘገበውን መሬት በአፋን ኦሮሞ የሚሰማበትና ስህተት ሲያገኝ በቀበሌው የሚያሳርምበት አሠራር እንደ ግዴታ ይግባ።