ከአራቱ አንዱ፦ ቢራውን እዛው ጓሮው የሚጠምቀው የሄልስተን መጠጥ ቤት

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በሚባለው አካባቢ ሄልስተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዋናው መንገዷ ላይ የሳር ክዳን ያለው አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ቆሟል። ስሙ «ብሉ አንከር» ነው፤ ሰማያዊው መልህቅ ማለት ነው።

ቤቱ መጠጥ ቤት ነው፤ እንግሊዞች «ፐብ» የሚሉት። ታዋቂ ያደረገው ግን ዕድሜው ብቻ አይደለም። «ስፒንጎ» የተባለውን የቤቱን ቢራ የሚጠምቀው እዛው ጓሮው ውስጥ ነው።

«ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል? የኛ ሰፈር ጠላ ቤትስ እዛው አይደል እንዴ የሚጠምቀው?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እንግሊዝም ድሮ እንደዛው ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን በመላው ብሪታንያ ቢራውን ራሱ የሚጠምቅ ነባር መጠጥ ቤት ሲቆጠር የቀረው አራት ብቻ ነበር። ብሉ አንከር ከአራቱ አንዱ ነው።

አንድ አገር በየቤቱ ሲጠምቅ ኖሮ እንዴት አራት ላይ ደረሰ? ከዛስ እንዴት ተመለሰ? መንገዱ ወደዛ ቢወስዳችሁስ ምን ማወቅ አለባችሁ? እንያቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ባሕሩ ሄደ፣ ቤቱ ቀረ

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ሄልስተን ዛሬ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ ነው ያለችው። ታዲያ መልህቅ ምን ሊሠራ መጣ?

በመካከለኛው ዘመን ከተማዋ ወደብ ነበራት ይባላል፤ ጀልባ በኮበር ወንዝ በኩል ይገባ ነበር። ባሕሩ ግን ጠጠርና አሸዋ እየገፋ አፉ ላይ ከመረው። «ሎው ባር» የሚባለው የጠጠር ግድብ መውጫውን ሲዘጋው ከኋላው ያለው ውሃ ሐይቅ ሆኖ ቀረ። ያ ሐይቅ ዛሬ በኮርንዎል ትልቁ የተፈጥሮ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው።

ወደቡ ቢጠፋም ከተማዋ ሌላ ገቢ ነበራት፦ ቆርቆሮ የሚሠራበት ማዕድን፣ ቲን። መጠጥ ቤቱ ያለበት «ኮይኔጅሆል» ጎዳና ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የተነጠረው ቲን ጥራቱ የሚመረመረውና ቀረጡ የሚከፈለው እዚህ ከተማ ውስጥ ነበር።

ቤቱ ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመነኮሳት ማረፊያ ነበር ይባላል። መነኮሳቱ ለራሳቸውና ለእንግዳ ይጠምቁ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ መነኮሳቱ ሄዱ፤ ጠመቃው ግን ቀጠለ።

🔹 እንግሊዝም ጠላ ቤት ነበራት

የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ታሪክ ላይ ያለው የቤት ጠመቃ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም።

▪️ ጠማቂዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ለቤተሰቡ ይጠምቃሉ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጣሉ። ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረው «ብሩስተር» የሚለው ቃል ድሮ ሴት ጠማቂ ማለት ነበር።

▪️ ጠመቃው ሲደርስ በር ላይ እንጨት ይሰቀላል፣ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ቅጠል ይታሰርበታል። የኛ ሰፈር ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ እንደሚያቆመው ማለት ነው። ማንበብ የማይችልም ሰው ምልክቱን አይቶ ይገባል።

▪️ ከመጀመሪያው ጭማቂ ጠንካራው ይወጣል። በዛው ብቅል ላይ ውሃ ተጨምሮ ደግሞ ሕፃን ሽማግሌው የሚጠጣው ቀጭን ቢራ ይወጣል። ይሄማ ቅራሪ ነው!

▪️ መንግሥትም እጁን ያስገባ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ ሕግ የዳቦና የቢራ ዋጋን ከእህል ዋጋ ጋር አስሮ ይወስን ነበር። ቢራውን ቀምሶ የሚፈትሽ ሹምም ነበር።

🔹 ታዲያ ምን ነካቸው?

ጠመቃውን ከቤት ያወጣው አንድ ሰው ወይም አንድ ሕግ አይደለም። ቀስ በቀስ፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሆነው።

የመጀመሪያው ለውጥ ሆፕስ ነው። ሆፕስ መራራ አበባ ነው፤ ሥራው ከጌሾ ጋር ይመሳሰላል፣ ምሬት ይሰጣል፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። የእንግሊዞቹ የድሮ «ኤል» ሆፕስ የሌለበት፣ ቶሎ የሚኮመጥጥ መጠጥ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሆፕስ ያለበት ቢራ ከባሕር ማዶ፣ ከዛሬዎቹ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም አካባቢ መጥቶ እየተስፋፋ ሄደ። የማይበላሽ ቢራ በብዛት ጠምቆ ሩቅ መላክ ይቻላል። በብዛት ለመጥመቅ ደግሞ ትልቅ ጋንና ትልቅ ካፒታል ያስፈልጋል። ያ ካፒታል በአብዛኛው ወንዶች እጅ ነበር። ሴቶቹ ከሥራው እየወጡ ሄዱ።

ሁለተኛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ ነው። የለንደን ትላልቅ ጠማቂዎች ጥቁር ቢራ በግዙፍ ጋን እየጠመቁ ዋጋውን ዝቅ አደረጉት። ጓሮው ውስጥ የሚጠምቅ ሰው በዋጋ ሊወዳደር አልቻለም።

ሦስተኛው ውል ነው። ፋብሪካዎቹ መጠጥ ቤቶቹን ራሳቸውን መግዛት ወይም ለባለቤቱ ገንዘብ ማበደር ጀመሩ። ልውጫው ግልጽ ነው፦ ቤቱ ከዛ በኋላ የፋብሪካውን ቢራ ብቻ ይሸጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፋብሪካዎቹ እርስ በርስ እየተዋዋጡ ገበያው ስድስት ትላልቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ። እነሱ ደግሞ የወደዱት እርሾው ተጣርቶ የወጣለትንና በጋዝ የሚገፋውን ድራፍት ነው። አይበላሽም፣ እንክብካቤ አይፈልግም፣ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ጠጪ ግን «ጣዕም የለውም» እያለ ማጉረምረም ጀመረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነው አራት ላይ የተደረሰው። ሁለቱ ሽሮፕሺር ውስጥ፣ አንዱ በርሚንግሃም አጠገብ ኔዘርተን፣ አራተኛው ሄልስተን።

🔹 ከማጉረምረም ወደ ማኅበር

በ1971 አራት እንግሊዛውያን ጓደኛሞች ለእረፍት አየርላንድ ሄደው መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው ስለ ቢራ ሲያማርሩ ማኅበር ለማቋቋም ወሰኑ። ዛሬ «ካምራ» ተብሎ የሚጠራው የጠጪዎች ማኅበር የተወለደው እዛ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማኅበሩ የፋብሪካ አልነበረም፣ የመንግሥትም አልነበረም። የደንበኞች ነበር። ሥራውም ቀላል ነበር፦ ጥሩ ቢራ የሚሸጥበትን ቤት እየዞሩ መመዝገብ፣ መጽሐፍ አድርጎ ማሳተም፣ ፌስቲቫል ማዘጋጀት፣ ሲዘጉ ዝም አለማለት።

ከዛ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። በ1979 ዴቪድ ብሩስ የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ምድር ቤቱ ላይ የሚጠምቅ ፐብ ከፈተ፤ ተሳካለት፣ ሌሎችም ተከተሉት። በ2002 ደግሞ መንግሥት ትንሽ የሚጠምቅ ትንሽ ቀረጥ እንዲከፍል የሚያደርግ ሥርዓት አመጣ፤ በጣም ትንሾቹ የቀረጡ ግማሽ ተቀነሰላቸው። ከዛ ወዲህ ትናንሽ ጠማቂዎች እንደ አሸን ፈሉ።

በ2011 የወጣ ሕግም አለ። የሰፈሩ ሰው አንድን መጠጥ ቤት «ለኛ ጠቃሚ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲል ነዋሪው ገንዘብ አሰባስቦ ለመጫረት እስከ ስድስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል።

ሁሉም አማረ ማለት ግን አይደለም። ኪራይ፣ ጋዝና መብራት፣ ደመወዝ እየከበደ ዛሬም ብሪታንያ ውስጥ ብዙ መጠጥ ቤቶች ይዘጋሉ። ተመለሰ ያልነው ጠመቃው ነው፤ ቤቶቹ ገና እየታገሉ ነው።

🔹 ስፒንጎ እንዴት ይጠመቃል?

ስፒንጎ የቤቱ ቢራዎች የጋራ ስም ነው፤ ቃሉ ድሮ ጠንካራ ቢራ ማለት ነበር። ታዋቂው «ሚድል» 5 በመቶ ገደማ፣ «ስፔሻል» ደግሞ 6.6 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ስፔሻሉ ከለመድናቸው የጠርሙስ ቢራዎች ስለሚበልጥ ቀስ ማለት ይሻላል።

አሠራሩ እንደማንኛውም የእንግሊዝ ባህላዊ ቢራ ነው። የተፈጨ የገብስ ብቅል 65 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። በዚህ ሙቀት የብቅሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጣፋጩ ጭማቂ ይጠለልና ከሆፕስ ጋር ይፈላል። ከዛ ይቀዘቅዝና እርሾ ይገባበታል። ለጥቂት ቀናት ሲብላላ ከላዩ ወፍራም አረፋ ይሠራል።

ዋናው ልዩነት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቢራው በርሜል ሲገባ እርሾው አልሞተም። በርሜሉ ውስጥ መብላላቱን ይቀጥላል፤ ጋዙንም የሚሠራው ራሱ ነው። «ሪል ኤል» የሚባለው ይሄ ነው። ሕያው ስለሆነ በርሜሉ ከተከፈተ በጥቂት ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ ደንበኛ ያለው ቤት ቢራው ሁልጊዜ ትኩስ ነው፤ ደንበኛ የሌለው ቤት ይኮመጥጥበታል። የጠላ ቤት ባለሙያ ይህንን ሕግ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

🔹 ከሄዳችሁ

▪️ ሄልስተን ባቡር የላትም፤ የመንገደኛ ባቡሯ በ1962 ተቋርጧል። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ፔንዛንስ በሚሄደው ባቡር ሬድሩዝ ላይ ወርዳችሁ በአውቶቡስ ትቀጥላላችሁ። ጠዋት ካልወጣችሁ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል።

▪️ አስተናጋጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ ታዛላችሁ፣ እዛው ትከፍላላችሁ። ባንኮኒ ላይ ቲፕ መተው የተለመደ አይደለም።

▪️ አንድ «ፓይንት» 568 ሚሊ ሊትር ነው። በዛ ካላችሁ «ሀፍ» በሉ፤ ግማሽ ማዘዝ ነውር የለበትም።

▪️ «ቢራው አልቀዘቀዘም» ብላችሁ እንዳትመልሱ። እንዲህ ዓይነቱ ቢራ የሚቀርበው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። በረዶ ከሆነ ጣዕሙ ይጠፋል። አረፋውና ጋዙም ከለመድነው ያነሰ ነው።

▪️ ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ «ራውንድ» አለ። አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። ተጋብዞ ተራው ሲደርስ የሚጠፋ ሰው እዛም ይታማል።

▪️ አልኮል ለመግዛት 18 ዓመት ይጠየቃል፤ መታወቂያ ያዙ። (በኛ አገር ሕግ 21 መሆኑን አትርሱ።) መኪና የያዘና የማይጠጣ ሰው ለስላሳ ይዞ ቁጭ ቢል ማንም ምንም አይለውም።

▪️ ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ሜይ 8 ሁን። «ፍሎራ ዴይ» ነው፤ ቀኑ እሑድ ወይም ሰኞ ከዋለ ወደ ቅዳሜው ይመጣል። ከጠዋት ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ሆነው ባንዱን እየተከተሉ ይጨፍራሉ፣ በየቤቱና በየሱቁ በአንድ በር ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ከተማዋ ስለምትሞላ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ።

▪️ «እኔ ባሕሩን እያየሁ ነው መጠጣት የምፈልገው» ለሚል ደግሞ፦ ከሄልስተን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ የፖርትሌቨን ወደብ አለ። ሌላ ራሱ የሚጠምቅ ቤት ከፈለጋችሁ እዛው ኮርንዎል ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ «ድሪፍትዉድ ስፓርስ» አለ፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ደግሞ ሎው ኒውተን መንደር «ሺፕ ኢን» አለ፣ ከበሩ ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ አሸዋው ላይ ናችሁ።

🔹 ለኛስ ምን ይነግረናል?

ጠላ አልጠፋም። ግን የእንግሊዝን ታሪክ ስናነብ የምናውቀው መንገድ ይመስላል። የቢራ ገበያችን በ2011 እና በ2012 ሄኒከን በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጆ ሜታ አቦን ሲገዙ የዓለም ትላልቅ ኩባንያዎች ሜዳ ሆኗል። ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ የጠላ ቤቷ እናት ቤቷን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ደንበኛዋም ይበተናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጌሾ መውቀጥና ጋን ማጠን ቀላል አይደለም።

ከሄልስተን የምንወስደው ትምህርት «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚል አይደለም። የእንግሊዝ ቤት ጠማቂ የተሸነፈው ሙያው ስላነሰ ሳይሆን፣ ካፒታሉ፣ ውሉና ቀረጡ ሁሉ ለትልቁ ስለተመቸ ነው። የተመለሰውም በናፍቆት አይደለም። ደንበኛው ተደራጀ፣ ቀረጡ በመጠን ሆነ፣ ሕጉ «ይሄ ቤት ለሰፈሩ ይጠቅማል» ለማለት ቦታ ሰጠ። ሦስቱም ሰው ጠይቆ ያመጣቸው ናቸው።

አንድ ነገር ግን እነሱም አልመለሱም። ጠመቃው ከሴቶቹ እጅ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ሆኖ ነው። እኛ ጋ ሙያው ዛሬም በእናቶቻችን እጅ ነው። ጠላ ነገ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሱፐርማርኬት ቢሸጥ፣ ትርፉ ለማን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ከአሁኑ ማንሳት ሳይሻል አይቀርም።

እናንተ ሰፈር አሁንም ጣሳ የሚሰቅል ጠላ ቤት አለ? ወይስ ጠፍቷል? መቼና ለምን እንደጠፋ የምታውቁትን አካፍሉን።