የጆይስቲክ አዝራሮች ድልድል በምስለ በረራ ልምምድ

በአንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን የአብራሪ ክፍል ውስጥ፣ ከአብራሪዎቹ ራስ በላይ ካለው ሰሌዳ ጀምሮ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል እስከሚገኘው መደርደሪያ ድረስ ያሉት ማብሪያዎች፣ እጀታዎችና ቁልፎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ይህንኑ አውሮፕላን በግል ኮምፒዩተሩ ላይ በምስለ በረራ ፕሮግራም የሚለማመድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነው። በተጠቃሚዎች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ሎጂቴክ ኤክስትሪም ስሪዲ ፕሮ የተሰኘው ጆይስቲክ ለአብነት ቢወሰድ 12 አዝራሮች፣ በአናቱ ላይ እይታን ወደ ስምንት አቅጣጫ የሚያዞር መቀያየሪያ እና አንድ የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ ብቻ ነው ያለው። በመቶዎች ከሚቆጠሩት ሥራዎች መካከል ለ12ቱ አዝራሮች የትኞቹ ይመደቡ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት የሰው ሕይወትና ንብረት ያስከፈለ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቢ 17 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ በሆዳቸው የሚተኙበት አጋጣሚ ይደጋገም ነበር። አብራሪዎቹ ካረፉ በኋላ የክንፍ ፍላፖችን ለመሰብሰብ አስበው የማረፊያ ጎማውን ይሰበስባሉ። በወቅቱ ለአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፎንስ ቻፓኒስ ጉዳዩን ሲመረምር የሁለቱ ሥራዎች ማብሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና ሲነኩ የማይለዩ ሆነው አገኛቸው። ማብሪያዎቹ በተለየ አኳኋን በተሠሩበት ሲ 47 የማጓጓዣ አውሮፕላን ላይ ችግሩ አልታየም። የተወሰደው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር፤ በጎማው ማብሪያ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ በፍላፑ ማብሪያ ላይ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ተደረገ።

ፖል ፊትስ እና ሪቻርድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጡት ጥናት፣ አብራሪዎች የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ሲጠቀሙ የፈጸሟቸውን 460 ስህተቶች መርምረው ግማሽ ያህሉ አንዱን መቆጣጠሪያ በሌላው የመተካት ስህተት መሆኑን አሳይተዋል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብም ለትላልቅ የማጓጓዣ አውሮፕላኖች የማረፊያ ጎማ እጀታ የጎማ፣ የፍላፕ እጀታ ደግሞ የክንፍ ቅርጽ እንዲኖረው ያዛል።

በአንጻሩ የጆይስቲክ አዝራሮች፣ በተለይም በመሣሪያው መቀመጫ ላይ የተደረደሩት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ተለማማጁ ጎማን በአንዱ፣ ፍላፕን በአጠገቡ ባለው አዝራር ላይ ከመደበ የቢ 17ቱን ችግር በራሱ ጠረጴዛ ላይ መልሶ ይፈጥረዋል። ስለሆነም የሁለቱን አዝራሮች ቦታ ማራራቅ፣ በጎማው አዝራር ላይም በጣት የሚታወቅ ትንሽ ጨርቅ ወይም ላስቲክ መለጠፍ ተገቢ ነው። በዋጋ ከሚቀርቡት ተጨማሪ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የዚህን ቁራጭ ላስቲክ ያህል አይጠቅሙም።

የድልድሉ መነሻ የሥራው ክብደት ሳይሆን አጣዳፊነቱ ሊሆን ይገባል። ሞተር ማስነሳት ከባድ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ቆሞ በእርጋታ የሚከናወን በመሆኑ በማውስ ቢሠራ ጉዳት የለውም። ዓይንን ከመሣሪያዎች፣ እጅንም ከመሪው ሳያነሱ መሠራት ያለባቸው ግን በእጀታው ላይ ላሉት አዝራሮች ይሰጣሉ። ከእነዚህ ቀዳሚው ትሪም ሲሆን ተግባሩም የአውሮፕላኑን አፍንጫ በሚፈለገው ደረጃ ሚዛን በመጠበቅ አብራሪውን መሪውን ያለማቋረጥ ከመግፋትና ከመሳብ ማሳረፍ ነው። በ737 አውሮፕላን የትሪም ማብሪያ የሚገኘው በመሪው ላይ፣ በአውራ ጣት ሥር ነው። ይህ ማብሪያ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ባለቁበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ፣ ከአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ መረጃ የደረሰው አውቶማቲክ ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ሲገፋ አብራሪዎቹ አፍንጫውን ለመመለስ በዚሁ ማብሪያ ተጠቅመዋል። አደጋው የአዝራር አቀማመጥ ጉዳይ አልነበረም፤ ይሁንና ትሪም ከአውራ ጣት መራቅ የሌለበት ለምን እንደሆነ ያስገነዝባል። በጆይስቲክ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚለው ትሪም ሁለት የአናት አዝራሮች ቢመደቡ አቀማመጡ ከእውነተኛው ጋር ይቀራረባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአውቶፓይለት ማላቀቂያ ነው። በ737 መሪ ላይም ሆነ በኤርባስ የጎን መሪ ላይ ማላቀቂያው በአውራ ጣት የሚደረስበት አዝራር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ጭነት አውቶፓይለቱ ይላቀቃል፣ በሁለተኛው የማስጠንቀቂያው ድምፅ ይቆማል። ተለማማጁም ሁለቴ የመጫንን ልማድ ከወዲሁ ቢይዝ ይመረጣል። የጆይስቲኩን ቃታ ብዙዎች ለፍሬን ይሰጡታል፤ ኤርባስ ግን በዚሁ ቦታ ያደረገው የሬዲዮ መነጋገሪያውን ነው።

አዝራሩ ከተመረጠ በኋላ የትእዛዙ ዓይነትም መታየት ይኖርበታል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ለማረፊያ ጎማ ሁለት አማራጭ ያቀርባሉ። አንደኛው በአንድ አዝራር እያፈራረቀ የሚያወጣና የሚሰበስብ ሲሆን፣ ሌላው ማውጫውንና መሰብሰቢያውን ለየብቻ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው አዝራር ቢቆጥብም ጎማው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የዘነጋ ሰው ሲጫነው የወጣውን ጎማ ሊሰበስብበት ይችላል። በሁለተኛው ግን የወጣን ጎማ ደግሞ እንዲወጣ ማዘዝ የሚያስከትለው ጉዳት የለም። ትሪምና ፍሬን አዝራሩ ተጭኖ እስካለ ድረስ የሚሠሩ መሆን ሲገባቸው፣ ፍላፕ ግን በአንድ ጭነት አንድ ደረጃ ብቻ መንቀሳቀስ አለበት፤ ትእዛዙ እየተደጋገመ እንዲላክ ከተደረገ በአንድ ጭነት ብዙ ደረጃ ሊዘል ይችላል።

አዝራር ያነሰባቸው አንዱን እንደ መቀያየሪያ በመያዝ የቀሩት ሁለት ሁለት ሥራ እንዲኖራቸው ያደርጋሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ለመብራትና ለእይታም ይስማማል። ለአጣዳፊ ሥራ ግን አይመከርም፤ የደነገጠ ሰው ሁለት አዝራር በአንድ ጊዜ መጫኑን ይዘነጋልና።

በተግባር ከሚያጋጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከድርብ ምደባ ነው። አዲስ ፔዳል ወይም የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲገናኝ አንዳንድ ፕሮግራሞች ማንም ሳያዛቸው ሥራ ይመድቡለታል። በዚህም የተነሳ አንድ እንቅስቃሴ ሁለት መሣሪያዎችን የሚታዘዝበት፣ አውሮፕላኑም ያለ ምክንያት የሚያጋድልበት ጊዜ አለ። የአዝራሮች ቁጥርም ያሳስታል፤ ዊንዶውስ ከ1 ጀምሮ የሚቆጥረውን፣ በነፃ የሚገኘው ፍላይትጊር በማዋቀሪያ ፋይሉ ከ0 ይጀምራል። በመሆኑም ምደባው እንዳለቀ አውሮፕላኑን መሬት ላይ አቁሞ አዝራሮቹን አንድ በአንድ መጫንና በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ማየት፣ ዝርዝሩንም በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ድልድሉ ለየአውሮፕላኑ ለየብቻ ይቀመጣል፤ ጎማው የማይሰበሰበው ሴስና 172 ለምሳሌ የጎማ አዝራር ስለማያስፈልገው ቦታው ለሌላ ሥራ ሊውል ይችላል። ገመዱ ሁልጊዜ በአንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ቢሰካ ይመረጣል። ቀዳዳው ሲቀየር ኮምፒዩተሩ ጆይስቲኩን እንደ አዲስ መሣሪያ የሚቆጥርበትና የተሠራው ምደባ በሙሉ የሚጠፋበት አጋጣሚ አለና።