ልቡ የሚፈጥን ተጫዋች ቀይ ካርድ ይገባዋል?

የመድፈኞቹ ደጋፊ ሆኖ ንዋንኮ ካኑን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የናይጄሪያ አምበል ሆኖ የአትላንታን ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ወዲያው ከአያክስ ወደ ኢንተር ሚላን ሲዛወር የክለቡ ሐኪሞች የልቡ ቫልቭ ጤነኛ እንዳልሆነ ደረሱበት። ብዙዎች "አበቃለት" አሉ። እሱ ግን በዚያው ዓመት ህዳር ወር አሜሪካ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 አርሰናል በስታምፎርድ ብሪጅ 2 ለ 0 እየተመራ ሳለ ቼልሲን በሦስት ጎል ጉድ የሠራው ይኸው ልብ ነው።

ሌላው ታሪክ አሳዛኝ ነው። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት በ72ኛው ደቂቃ ወደቀ፤ አልተነሳም። ችግሩ የልብ ጡንቻ መወፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቡ ድው ድው ያለበት ወጣት ሁሉ የፎዬ ዕጣ የደረሰበት ይመስለዋል።

በሁለቱ መሀል ግን ብዙም የማይወራለት ሦስተኛ ዓይነት ልብ አለ። በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ሁለት ክንፍ ያለው በር አለ፤ ሚትራል ቫልቭ ይባላል። የአንዳንድ ሰው በር ሲዘጋ ክንፉ ወደ ላይኛው ክፍል ይነፋል። ከመቶ ሰው ሁለት ወይም ሦስቱ እንዲህ ናቸው፤ አብዛኞቹም ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። ደም በብዛት ወደ ኋላ ካልመለሰና አደገኛ የምት መዛባት ከሌለ ኳስ አያስከለክልም።

ታዲያ ቁጭ ብሎ ልብ ለምን ይሮጣል? የአዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ ልምምድ የለመደ ተጫዋች ከ60 በታችም ሊወርድ ይችላል። ከ100 በላይ እየሆነ ከቀጠለ ሁሉንም በቫልቩ ማላከክ አይገባም። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ ትኩሳት፣ የውሃ ጥም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ጫት፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ቡናም ያስሮጣሉ።

ከላላንና መካነ ሰላምን የመሳሰሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከአባይ ቆላ ወጥቶ እዚያ የሚጫወት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቡ ቢፈጥን አይገርምም፤ አየሩ ስስ ነው።

ሊናቅ የማይገባው ግን ሌላ ነው። በአገራችን ወጣቶች ላይ ሚትራል ቫልቭን በብዛት የሚያበላሸው በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የልብ በሽታ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ሲታመም "እንጥሉ ወርዷል" ተብሎ ይቆረጣል፤ መድኃኒቱ ግን ፔኒሲሊን ነበር። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የልብ ማዕከል ደጃፍ በእነዚህ ልጆች የተሞላው በከንቱ አይደለም። ሁለቱን ችግሮች በጆሮ ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ቁርጡን የሚናገረው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ከከላላ ተነስቶ ኢኮ ያለበት ሆስፒታል መድረስ ቀላል ጉዞ ባይሆንም ሳይመረመሩ ኳስ ከመተውም፣ ሳይመረመሩ ከመሮጥም ይሻላል።

ምቱ ለሚያስቸግረው ሰው ሐኪም የልብን ፍጥነት የሚቀንስ ክኒን ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ እንደ ቀስትና ተኩስ ባሉ ስፖርቶች ቢከለከልም በእግር ኳስ አይከለከልም፤ አንዳንዱን ተጫዋች ግን እግሩን ያስረዋል። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አይሞከርም።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ቀላል ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ፣ ቡና ሳይቀመስ፣ የእጅ አንጓን ይዞ የ30 ሰከንዱን ቆጥሮ በሁለት ማባዛት፤ የሳምንቱን ጽፎ ለሐኪም ማሳየት። እየሮጠ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተበት ግን ቆጠራውን ትቶ፣ ማሊያውን አውልቆ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። አሰልጣኝም "ሰንፎ ነው" ብሎ መልሶ ሜዳ አያስገባው።