ጠጠር፣ ጤዛና ላሜራ፦ የመኪና ቀለም በትንሹ ሲላጥ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ የርብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ይፋግን ያገኛል። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ከነጭነታቸው የሚያርፉባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ዛሬ በአጋሰሱ ፈንታ ሚኒባሱ፣ አይሱዙውና ባጃጁ ይመላለስባታል። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች የአንዱን ኮፈን ጎንበስ ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድ የጋራ ምልክት አይሰወረውም። ይኸውም ከምስር ፍሬ የማይበልጡ፣ ቀለማቸው የተላጠ፣ መሐላቸው የሻይ መልክ የያዘ ነጠብጣቦች ናቸው።

ስለእነዚህ ነጠብጣቦች በየጋራዡ ሁለት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው «የመልክ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ሞተሩ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መርጨት ነው» የሚል ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም። በአገራችን መኪና የብዙ ቤተሰብ ዋና ጥሪት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪናም አሁንም ገዢ አያጣም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አስቀድሞ የገባው መኪና ዕድሜ መርዘሙ ግድ ሆኗል። ሞተር ይጠገናል፣ ይለወጣልም፤ በዝገት የተበላ ላሜራ ግን ተቆርጦ ሌላ ካልተበየደበት በቀር መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል።

በመጀመሪያ ጠጠሩን እንይ። 5 ግራም የሚመዝን ጠጠር ከፊተኛው መኪና ጎማ ተፈናጥሮ አየር ላይ እንዳለ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና ብትገጨው፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 0.7 ጁል ያህል ይሆናል። ጠጠሩ ራሱ በተቃራኒ አቅጣጫ በዚያው ፍጥነት ቢመጣ ግን የግጭቱ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይሆንና ጉልበቱ በአራት እጥፍ አድጎ ወደ 2.8 ጁል ይደርሳል፤ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነውና። ይህ አንድ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ28 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ መዶሻው ሰፊ ፊት ያለው ሲሆን፣ የጠጠሩ ጫፍ ግን ጉልበቱን በሙሉ ከአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ባነሰ ስፍራ ላይ ማሳረፉ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ገጠር በሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ላይ ፍጥነትን መቀነስ ለኮፈኑ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ስሌት ይገባል።

ጠጠሩ የሚያርፍበት ቀለም አንድ ንብርብር ብቻ አይደለም። በፋብሪካ የተቀባ ላሜራ ከሥር የፎስፌት ሽፋን፣ በላዩ በኤሌክትሪክ ኃይል የተለበጠ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ መሞያ፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም በብዙዎቹ መኪኖች ላይ መስታወት መሰል አንጸባራቂ ሽፋን አለው። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ጠጠሩ የላይኛውን ብቻ ልጦ መሞያው ወይም ፀረ ዝገቱ ከቀረ ጉዳቱ በእርግጥም የመልክ ነው። እስከ ብረቱ ከዘለቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን በተገናኙበት ሁሉ ትንሽ ባትሪ ይሠራል። በአንደኛው ቦታ ብረቱ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል፤ በሌላኛው ቦታ ኦክስጅንና ውሃ ያንኑ ኤሌክትሮን ተቀብለው አልካሊ ይፈጥራሉ። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አልካሊው ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በተላጠው ነጥብ ዳርቻ፣ ከደኅናው ቀለም ሥር ነው፤ ቀለሙ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትንም ማሰሪያ ይፈታል። በዚህም ላይ ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከሥር ሆኖ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በዓይን የምናየው ቁስል ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከቀለሙ ሥር የተላቀቀው ከዚያ ሊሰፋ ይችላል። የብረት ዝገት እንደ ሌሎች ማዕድናት ልባስ ሆኖ የሚከላከል አይደለም፤ እየተፈረፈረ ለቀጣዩ ዝገት መንገድ ይከፍታል። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትና በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ከሰማይ በታች ቆይቶ ዛሬም በመቅደላ የሚታየው ነሐስ ስለሆነ ነው። የነሐስ ዝገት ተጣብቆ ይቀርና የታችኛውን ይጠብቃል። የመኪናችን ላሜራ ይህ ዕድል የለውም።

በሰሜኑ ዓለም በትምህርት ላይ ሳለን እንዳየነው፣ በዚያ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በየመንገዱ ጨው ይረጫል፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍም መኪኖች ከሥር ይበላሉ። የእኛ መንገድ ጨው የለበትም። ከዚህ ተነሥተው «በደጋ አገር መኪና አይዝግም፤ ከክረምቱ በቀር ደረቅ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ጤዛን ይዘነጋል።

ሰማዩ በጠራ ሌሊት ወደ ላይ የተዘረጋ ገጽ ሁሉ ሙቀቱን በታኅተ ቀይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል። ኮፈንና ጣሪያ ቀጫጭን ላሜራዎች ስለሆኑ ያከማቹት ሙቀት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከአካባቢያቸው አየር ይልቅ ጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ። የሌሊቱ አየር 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 80 በመቶ ቢሆን፣ ላሜራው ወደ 11.6 ዲግሪ እንደወረደ ውሃ ይቋጥርበታል። ይኸውም የ3 ዲግሪ ተኩል ልዩነት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። በጥቅምት የፎገራ ሜዳ ገና ከክረምቱ እርጥበት አልተላቀቀም፤ የሩዙም ማሳ እርጥበቱን ወደ አየሩ ይሰጣል፤ ሰማዩ ግን ጠርቷል። ለጤዛ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ የለም። ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ስንወጣ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ ከበላያችን ያለው ተንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ላሜራው ሙቀቱን ይበልጥ ይለቃል፣ በብርዱ ወራትም ጤዛው ውርጭ እስከ መሆን ይደርሳል። ዝናብ ያልነካት መኪና እንግዲህ ሌሊቱን በእርጥበት ታድርና ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ ትዝጋለች። ዝናብ ሲዘንብ ቢያንስ ቆሻሻውን ያጥበዋል፤ ጤዛ ግን አቧራውን አርጥቦ እዚያው ይተወዋል።

ስቱኮውስ? በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካምብሪጁ ዩሊክ ኤቫንስ አንዲት የጨው ውሃ ጠብታ ብረት ላይ አድርጎ እንዳሳየው፣ በይበልጥ የሚበላው ኦክስጅን እንደልብ የሚያገኘው የጠብታዋ ዳር አይደለም፤ ኦክስጅን የሚያጥረው መሐሏ ነው። በዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮም ውሃ ይመጥጣል፣ አየር ይከለክላል፤ የኤቫንስን ጠብታ በሰፊው መሥራት ማለት ነው። ከላይ ያማረ ቀለም ከሥሩ የሚሠራውን ይሸፍንልናል እንጂ አያስቆመውም። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሁሉ አታላይ ነው አንልም፤ ደንበኛው ማታውኑ መኪናውን ሊወስድ ቆሞ ሲጠብቅ ዝገቱን እስከ ሥሩ መፋቅ ጊዜ አይሰጥም።

ትክክለኛው ጥገና በመሣሪያ ረገድ ቀላል፣ በትዕግሥት ረገድ ግን ከባድ ነው። ቦታው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ጥሩ የሚሆነው ደረቅ ቀን መርጦ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ላሜራው ከነጓዳ ጎድጓዳው ሲደርቅ መጀመር ነው። የላላው ቀለም ዳርቻ በስለታም ነገር ተነሥቶ እስከሚጣበቀው ድረስ ይወገዳል፤ ቁስሉ ሰፋ ቢል አያስደንግጥ። ከዚያ በተጠቀለለ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱ ተፍቆ የሚያበራ ብረት እስኪታይ ይሠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀይ ዝገት የሌለበት አመድማ ገጽ ከታየ ላሜራው ዚንክ የተለበጠ ሊሆን ይችላልና አብዝቶ መፋቅ አይገባም። የቤት ቆርቆሮ ቢጫርም ቶሎ የማይዝገው ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱ ስለሚሟሟ ነው፤ ያንን ጠባቂ በገዛ እጅ ማስወገድ አያስፈልግም። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጽጃ የቀረውን ይጨርሳል። ኮካ ኮላም ይህ አሲድ ስላለው የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን አሲዱ ጥቂት፣ ስኳሩ ብዙ ነው፤ ለመጠጥነቱ ብንተወው ይሻላል።

በመጨረሻ በአልኮል ይጠረጋል፤ ቤንዚንና ናፍጣ ቅባት ይተዋሉ። አንቲረስቱ በክብሪት እንጨት ጫፍ ወይም በቀጭን ብሩሽ እየተነካ የቁስሉን ዳር ጭምር እንዲሸፍን ይደረጋል፤ ደርቆ ቀለሙ፣ ቀለሙ ደርቆ አንጸባራቂው ይከተላል፤ ሁሉም በሥሥ በሥሡ። አንድ ወፍራም ጠብታ አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ቲነሩ ከውስጥ ይታፈናል፣ ኋላም ይሰነጠቃል። በሚፋጅ ላሜራ ላይ መቀባትም የሚያመጣው ጉዳት ይኸው ነው፤ ጥላ ይመረጣል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው ቀለም ግን አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ስላለው ለአስም ይዳርጋል፤ ያንን በመሐረብ አፍንጫቸውን ሸፍነው የሚረጩ ወጣቶችን ባየን ቁጥር እናዝናለን። መሐረብ ተን አያግድም።

የቀለሙ መለያ ቁጥር በኮፈኑ ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈች ሰሌዳ ይገኛል፤ የብዙ ነጭ ቶዮታዎች 040 ነው። ይሁንና በቁጥሩ የተቀመመው አዲስ ቀለም ከአሮጌው ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የደጋ መኪና ቀለም ቶሎ ይለወጣል። ሙከራውን በፀሐይ ብርሃን እንጂ በመብራት ሥር ማድረግ አይገባም፤ በአንዱ ብርሃን እኩል የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ብርማ ቀለም ደግሞ የአልሙኒየም ቅንጣቶቹ በብሩሽ ሲቀቡ እንደ ርጭቱ ስለማይተኙ ነጥቧ ከአንድ ወገን ስትታይ መለየቷ አይቀርም። ብረቱ እስከተዘጋ ድረስ ይህ ቢታለፍም ግድ የለም። የፓራውልቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ፕላስቲክ ከሆነ አይዝግምና፣ በዚያ ላይ የተላጠውን ገንዘብ እስኪተርፍ ወይም ገዢ እስኪመጣ ድረስ እንዳለ ማቆየት ይቻላል።