በኤምሬትስ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ምን ይጠይቃል?

ከሐሮማያ፣ ከወሎ ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የመጣ ወጣት ዲግሪውን ሻንጣው ውስጥ አስቀምጦ በዴይራ ሱቆች ወይም በሻርጃ መጋዘኖች ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። አንድ ቀን ግን ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም፦ “የተማርኩትን ከዚሁ ሆኜ መቀጠል እችላለሁን?”

ጥያቄው የብዙ ወላጆችም ነው። በአጅማንና በሻርጃ ተወልደው ወይም አድገው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እዚሁ የጨረሱ ልጆች ቀጣዩን ደረጃ ሲያስቡ፣ ውሳኔው የቤተሰቡን የዓመታት ቁጠባ ይነካል። ስለዚህ የትምህርቱን አወቃቀር ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ማወቅ ተገቢ ነው።

የፕሮግራሙ ስፋት

በኤምሬትስ የከፍተኛ ትምህርት ፕሮግራሞች ላይ እውቅና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ “ሲ ኤ ኤ” በመባል የሚታወቀው የአካዳሚክ እውቅና ኮሚሽን ነው። በአገሪቱ የብቃት ማዕቀፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ሰባተኛ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ዘጠነኛ፣ ዶክትሬት ደግሞ አሥረኛ ደረጃ ይይዛል። አንድ የማስተርስ ፕሮግራም ቢያንስ 30 ክሬዲት ሊኖረው ይገባል።

አንድ ክሬዲት በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ በሳምንት የአንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት እንደማለት ነው። የቤተ ሙከራ ሥራ ሲሆን ግን ለአንድ ክሬዲት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል። አብዛኛው ኮርስ ሦስት ክሬዲት ስለሚይዝ፣ ለምሳሌ ሰባት ኮርሶችና ዘጠኝ ክሬዲት ያለው ተሲስ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። የኮርሱና የተሲሱ ድርሻ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል።

ለመግባት በኬሚስትሪ ወይም ተቀራራቢ በሆነ የትምህርት መስክ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከአራት ነጥብ ቢያንስ የሦስት ነጥብ አማካይ ውጤት፣ እንዲሁም እንደ አይልትስ ወይም ቶፍል ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት መጠየቅ የተለመደ ነው። ነጥቡ ትንሽ ያነሰበት አመልካች አንዳንድ ጊዜ በቅድመ ሁኔታ ይቀበሉታል። ከምህንድስና ወይም ከፋርማሲ የመጣ ሰው ደግሞ በቅድሚያ የማሟያ ኮርሶችን እንዲወስድ ሊታዘዝ ይችላል፤ እነዚህ ኮርሶች ከ30ው ክሬዲት ውስጥ አይቆጠሩም፤ ክፍያ ግን አላቸው።

የመጀመሪያው ዓመት፦ ኮርሶች

የኬሚስትሪ ማስተርስ በአብዛኛው በአራት አዕማድ ላይ ይቆማል። አናሊቲካል ኬሚስትሪ በአንድ ናሙና ውስጥ ምን እንዳለና መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ይመረምራል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የካርቦን ውህዶችን፣ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ብረታ ብረትንና ማዕድናትን ይመለከታል። ፊዚካል ኬሚስትሪ ደግሞ ለውጦች በምን ፍጥነትና በምን ያህል ጉልበት እንደሚካሄዱ ያጠናል።

ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንፈቀ ዓመታት የግዴታ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ከእነርሱም መካከል የምርምር ዘዴና ሴሚናር ይገኙበታል። ቀሪዎቹ የምርጫ ኮርሶች ሲሆኑ፣ ሊጽፍ ካሰበው ተሲስ ጋር እንዲገጥሙ አድርጎ መምረጥ ብልህነት ነው። በዚህ ደረጃ አማካይ ውጤቱ ከሦስት ነጥብ በታች የወረደ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካላሻሻለም ሊሰናበት ይችላል።

ሁለተኛው ዓመት፦ ተሲስ

የትምህርቱ እምብርት ተሲሱ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ አማካሪ መምህር ያገኛል፤ ከዚያም ችግሩን፣ ዘዴውንና የሚያስፈልጉትን ኬሚካሎች የሚዘረዝር የጥናት እቅድ ያቀርባል። እቅዱ በኮሚቴ ሲጸድቅ ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል።

ብዙዎች የሚዘገዩት እዚህ ላይ ነው። ያልሰመረ ሙከራ ይደገማል። የሰመረውም ሦስት ጊዜ ያህል ተደግሞ ተመሳሳይ ውጤት ካልሰጠ ተቀባይነት የለውም። የሞለኪውልን ቅርጽ የሚያሳየው የኤን ኤም አር መሣሪያና ክብደቱን የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር የብዙ ተመራማሪዎች የጋራ መገልገያ ስለሆኑ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። አማካሪ ሲመረጥ ስሙን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሙከራው ምን ምን መሣሪያ እንዳለው፣ ተማሪዎቹም በስንት ዓመት እንደሚጨርሱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ተሲሱ ተጽፎ በፈታኞች ፊት በቃል ይቀርባል፤ ከፈታኞቹ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የሚመጣ መሆኑ የተለመደ ነው። ውጤቱ ማለፍ፣ ከእርማት ጋር ማለፍ ወይም እንደገና ማቅረብ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ጊዜውን የሚማር ሰው በሁለት ዓመት ሊጨርስ ሲችል፣ እየሠራ የሚማር ግን ሦስትና ከዚያ በላይ ዓመታትን ማሰብ ይኖርበታል።

የት ይሰጣል?

በሰሜኑ ኤምሬቶች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቅርቡ መዳረሻ የሻርጃ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። በ1997 የተመሠረቱት የሻርጃ ዩኒቨርሲቲና የሻርጃ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጎን ለጎን ይገኛሉ። የመጀመሪያው በሳይንስ ኮሌጁ ኬሚስትሪን ያስተምራል፤ ሁለተኛው በኬሚካል ምህንድስና ማስተርስ ይታወቃል።

ሁለቱን መስኮች መለየት ያሻል። ኬሚስቱ በብልቃጥ ውስጥ አዲስ ውህድ ሲሠራ ወይም ሲመረምር፣ የኬሚካል መሐንዲሱ ያንኑ ሂደት በፋብሪካ ደረጃ በቶን የሚመረትበትን መንገድ ይነድፋል። ለመግቢያ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪም ይለያያል።

አጅማን ውስጥ በ1988 የተቋቋመው የአጅማን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ኮሌጁ የሚታወቅ በመሆኑ ወደ መድኃኒት ለሚያዘነብል ሰው አማራጭ ነው። በዱባይ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፎች ብዙ ናቸው፤ ትኩረታቸው ግን በአብዛኛው ንግድ፣ ምህንድስናና ኮምፒውተር ነው። በአል ዐይን ከተማ ደግሞ በ1976 የተመሠረተው አንጋፋው የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከዱባይ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የመኪና መንገድ ስለሆነ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ይከብዳል።

መንገዱም ከስሌቱ አይወጣም። ኪራይ ለመቀነስ አጅማን የሚኖር፣ ዱባይ የሚሠራና ሻርጃ የሚማር ሰው በሸይኽ ሙሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ላይ በመኪኖች ሰልፍ ውስጥ የሚያሳልፈው ምሽት ከክፍል ሰዓቱ ሊበልጥ ይችላል። ኮርሶች ማታ ቢሰጡ እንኳ ቤተ ሙከራ የቀን ሰዓት ይፈልጋል። በረመዳን የሥራ ሰዓት ሲያጥር ለጥናት ጥቂት ፋታ ቢገኝም፣ ረጅም ሙከራዎችን ከኢፍጣርና ከተራዊሕ ጋር እንዳይጋጩ አስቀድሞ ማቀድ ያሻል።

ከአገር ቤት ጋር ሲነጻጸር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በፈረንጆቹ 1978 ነው። አወቃቀሩ ከዚህኛው ብዙም አይርቅም፤ አንድ ዓመት ኮርስ፣ አንድ ዓመት ተሲስ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ከ1987 ጀምሮ የሚያሳትመው የምርምር መጽሔትም የብዙ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ሥራ የወጣበት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በክፍያና በመሣሪያ አቅርቦት ላይ ነው። አገር ቤት ክፍያው ይቀላል፤ እዚህ ደግሞ መሣሪያው ይቀርባል።

የክፍያውን ሸክም ለማቅለል አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የረዳትነት ሥራ ይሰጣሉ። ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ ያግዛል ወይም በመምህሩ ምርምር ላይ ይሠራል፤ በምትኩ ክፍያው ይቀነስለታል ወይም አበል ያገኛል። ይህን ዕድል ለማግኘት ከማመልከቻው ጊዜ በፊት ለመምህሩ በቀጥታ መጻፍ ይረዳል።

ወረቀቱ ከትምህርቱ ይቀድማል

ከኢትዮጵያ የመጣ ዲግሪ እዚህ አገር እንዲሠራበት በሰንሰለት መረጋገጥ አለበት። በአገር ቤት በሚመለከታቸው የትምህርት አካላት ይጀምርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአዲስ አበባ በሚገኘው የኤምሬትስ ኤምባሲ በኩል አልፎ በኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይጠናቀቃል። ከዚህ በተጨማሪ የአቻ ግምት ይጠየቃል፤ በዚህ ጊዜ የተቋሙ እውቅና፣ የትምህርቱ ርዝመትና የተሰጠበት መንገድ ይታያሉ። በርቀት የተገኘ ዲግሪ አቻ ግምት ማግኘቱን ከመመዝገብ በፊት ማጣራት የግድ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው ስም የሆነ ሰው የሥራ ውሉን አስቀድሞ ይመልከት። “ወረቀቱን እኛ እንጨርስልሃለን” ለሚል ደላላም ጆሮ አይስጥ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ማቅረብ በኤምሬትስ ሕግ ያስቀጣል፤ ቅጣቱም የሚያርፈው ወረቀቱን ባቀረበው ሰው ላይ ነው።

ለምን ይጠቅማል?

በዱባይ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ በአብዛኛው ጨው የተለየው የባሕር ውሃ ነው፤ ንጽሕናውን የሚከታተለው ኬሚስት ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ጄላቲን ከከብት ይሁን ከአሳማ፣ በመጠጥ ወይም በማጣፈጫ ውስጥ አልኮል ይኑር አይኑር የሚለየውም በክሮማቶግራፊና በመሰል መሣሪያዎች ነው። በእሽጉ ላይ ያለው “ሐላል” የሚል ምልክት አስተማማኝ እንዲሆን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ዘርፉ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ኬሚስትሪ የሚለው ስም “አል-ኪሚያ” ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ አልካላይ የሚለውም “አል-ቀሊ” ከሚለው የመጣ ነው። በቅርቡም በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ኦማር ያጊ ነበር። በዮርዳኖስ ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ቤተሰብ የተወለደው ይህ ሳይንቲስት ከበረሃ አየር ውሃ መሰብሰብ በሚችሉ ቁሶች ሥራው ይታወቃል።

ሁለተኛ ዲግሪ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ለጥራት መቆጣጠሪያ፣ ለምርምርና ለዶክትሬት በር ይከፍታል እንጂ ሥራን አያረጋግጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ዛሬ ማታ ሊጀመር የሚችል ነው፤ ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ከሻንጣው አውጥቶ ማረጋገጫው የት ድረስ እንደደረሰ ማየት።